የዘጠነኛው ሞርሳ ሴት

የፔምበርና ልጆቹ ፋብሪካ የሠራተኞች መዝገብ ሰማያዊ ጨርቅ የለበሰ፣ ጀርባው የተላጠ ትልቅ ጥራዝ ነው። የ1943ቱን ገጽ ሰማንያ ስምንት ላይ ስትገልጡት ከላይ አሥራ አንደኛው መስመር የእናቴ ነው። «ቶንክስ፣ ኤኒድ። ወልዋይ።» ይላል። ጽሕፈቱ የተስተካከለ ነው፤ ቀለሙም አልደበዘዘም። መስመሩ ግን ትክክል አይደለም።

ትክክል አለመሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ እናቴ ነግራኛለች። እኔ ደግሞ ሰው ስለነገረኝ ብቻ አልጽፍም። በበርሚንግሃም ከተማ መዛግብት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የደከምኩበት ሥራ፣ በጠመንጃ ሠሪዎች ሰፈር የኖረ ባለሙያን ሁሉ ከነሙያው በአንድ መጽሐፍ ማስፈር ነው፤ አፈሙዝ የሚሰረስረውን፣ እጀታ የሚጠርበውን፣ ሞላ የሚያጥፈውን፣ ብረት ላይ የሚቀርጸውን። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ አራት ስም ሰብስቤአለሁ። ደንቤ አንድ ነው፤ የሰው ሙያ የሚጻፈው ወረቀት ሲገኝለት ወይም በእጁ የሠራው ዕቃ ሲገኝለት ነው። «አያቴ እኮ ዋና ሞራጅ ነበሩ» እያሉ የመጡ ብዙ የልጅ ልጆችን በባዶ እጃቸው ሸኝቻለሁ። ለእናቴ ደንቡን ባጥፍ የእነሱን ፊት በምን ዓይኔ አያለሁ?

በ2006 የጸደይ ወራት እናቴ ሰማንያ አምስት ዓመቷ ነበር። የዓይኗ መሃል ጠፍቶ ሰው የምታየው በጎን ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ከቢንጎ ጨዋታ ስትመለስ ከጉበት ተፈጭቶ የተድቦለቦለ ሥጋና የተፈጨ አተር ይዤላት እሄዳለሁ። አንድ ማክሰኞ ሹካዋን እንደያዘች፦

«ቶንክስ ላይ ደርሰሻል?» አለችኝ።

«ደርሻለሁ።»

«ምን ብለሽ ጻፍሽኝ?»

«ወልዋይ።»

ጥቂት አላመጠች። «አተሩ ጨው ያንሰዋል» አለች። ጨውን ካቀበልኳት በኋላ፣ «ሦስት ዓመት ከሦስት ወር» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለሳህኑ።

«እማ፣ አውቃለሁ። ወረቀት የለም እንጂ።»

«እኛ ሽጉጥ የምንሠራው ከወረቀት አልነበረም።»

መጽሐፉ በጥቅምት ሊታተም ነበር። ከታተመ በኋላ የሚቀየር ነገር የለም፤ ሌላ እትም የሚያወጣ ገንዘብም ሰውም አይኖርም። እናቴ ያንን ታውቃለች። ደግማ ግን አልጠየቀችኝም፤ እኔን ያሳመመኝ እሱ ነው።

* * *

እናቴ የተወለደችው አስተን በሚባል የበርሚንግሃም ሰፈር፣ ስድስት ቤት አንድ ቧንቧ በሚጋራበት ግቢ ነው። ፔምበር የገባችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ በ1937፣ መወልወያ ክፍል ነበር። ሴቶቹ ራሳቸውን በሻሽ አስረው ቆዳ በለበሰ መንኮራኩር ላይ ብረት ያሻሉ። ማታ ሲተፉ ጥቁር ነው። ፋብሪካው ለጦሩ የሚሠራው ከመሃሉ የሚታጠፍ፣ ባለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነበር። የፊተኛው ጦርነት ሽጉጥ ትልቅና ከባድ ስለነበር አዲስ ምልምል ቶሎ አይለምደውም፤ ስለዚህ ጦሩ ከዚያ በኋላ የጥይቱ ልክ አነስ ወዳለው፣ «ሠላሳ ስምንት» ወደሚባለው ወርዷል። ከመዶሻው አጠገብ ያለውን መቆለፊያ በአውራ ጣት ሲጫኑት አፈሙዙ ወደ ታች ይታጠፋል፤ ጥይቶቹን ከሚይዘው ከበሮ መሃል ኮከብ መሳይ ብረት ብድግ ይልና ስድስቱን ቀለህ አንድ ላይ ይጥላል።

እናቴ የተወለወለውንና የጠቆረውን ዕቃ በሳጥን ይዛ ወደ ሞራጆቹ ታመላልስ ነበር። ሞራጆቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ በመስኮቱ ሥር በረጅም ጠረጴዛ፣ እያንዳንዱ ብረቱን ጨብጦ በሚይዝለት ሞርሳ ፊት። ዘጠነኛው ሞርሳ የዊልፍሬድ ፓርጂተር ነበር፤ ግራኝ፣ ዝምተኛ፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ። አንድ ቀን እናቴ ሳጥኑን ስታስቀምጥ የጨረሰውን ሽጉጥ መዶሻ እየሳበ ሲሞክር ሰምታ፦

«ሚስተር ፓርጂተር፣ ይሄኛው እንደ ሌሎቹ አይደለም» አለችው።

«ምኑ?»

«ድምፁ። ሌሎቹ ሲሳቡ ቶሎ ቶሎ ነው የሚሉት። ይሄ ይዘገያል።»

ፓርጂተር ሽጉጡን አንስቶ መዶሻውን ሦስት ጊዜ ሳበው። «አንቺ ልጅ፣ ሥራሽ መወልወል ነው ማዳመጥ?»

«የምወለውለው በእጄ ነው። ጆሮዬ ሥራ ፈት ነው።»

በማግስቱ የተበላሹ ዕቃዎች ከሚጣሉበት ቆርቆሮ አንዲት ትንሽ ብረት አውጥቶ ከሞረድ ጋር ሰጣት። ብረቷን «ጣት» ይሏታል። ፓርጂተር በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሲናገር የሰማችው ያን ቀን ብቻ እንደሆነ እናቴ ደጋግማ ነግራኛለች፦

«መዶሻውን ወደ ኋላ ስትስቢ ይቺ ጣት ትነሳና ከበሮውን አንድ ስድስተኛ ትገፋዋለች። ከሥር ያለው ጥርስ ደግሞ ከበሮው ቦታው ሲደርስ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ጣቷ ከረዘመች ከበሮው ነክሶ አልዞር ይላል። ካጠረች ጥይቱ ከአፈሙዙ ፊት ለፊት ሳይቆም ይተኮሳል፤ እርሳሱ ይላጥና የተኳሹን ፊት ይመታዋል። በሁለቱ መሃል ያለው ሞረዱን አራት ጊዜ መግፋት ነው። አራት። አምስተኛውን የገፋ ሰው ጣቷን ቆርቆሮው ውስጥ ይጣላት።»

እናቴ አሥራ አንድ ወር በምሳ ሰዓቷ፣ በአንድ እጇ ስብ የተቀባ ዳቦ ይዛ፣ የተበላሸ ጣት ሞረደች። ፓርጂተር እያንዳንዷን አይቶ ያለ አንድ ቃል ቆርቆሮው ውስጥ ይጥላል። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ያመጣችለትን ጣት አየና ካቻቢቴውን አንስቶ ሽጉጥ ውስጥ ገጠማት። እሷም ሳጥኗን ተሸክማ ደረጃውን ወረደች።

በግንቦት 1942 ፓርጂተር ሥራውን ለቀቀ። መዝገቡ «ለጤና» ይላል፤ ከዚያ በላይ አይልም። ሲወጣ ሞረዶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ለእናቴ ሰጣትና ለፎርማኑ «ዘጠነኛው ላይ እሷን አስቀምጣት» አለው። ወንዶቹ ግማሹ ዘምተዋል። መንግሥትም ለውበት ጊዜ የለም ብሎ መወልወሉን አስቀርቷል፤ ሽጉጦቹ የሞረድ ጭረታቸው እየታየ፣ «የጦርነት ሥራ» የሚል ማኅተም ጎናቸው ላይ ተመትቶ ይወጡ ነበር። ወልዋዮቹ ሥራ ፈተዋል። ፎርማኑ ሚስተር ጎሴጅ ግን ተንገራገረ።

«ሴት? ሞርሳ ላይ?»

«ሞርሳው ቅር አላለውም፣ ሚስተር ጎሴጅ» አለች እናቴ።

«እኔን ቅር ብሎኛል።»

«ሞርሳው ውስጥ የማጠብቀው እርስዎን አይደለም።»

ተቀመጠች። በቀን ስምንት ሽጉጥ፣ አንዳንድ ቀን ዘጠኝ፣ እስከ ነሐሴ 1945። ከዚያ ወንዶቹ ተመለሱና እሷም ወደ መወልወያው ተመለሰች። ለጸሐፊው ሥራዋን ለውጦ መጻፍ ከሠራተኞች ማኅበር ጋር ጭቅጭቅ ማምጣት ስለነበር በየዓመቱ የአምናውን መስመር ገልብጦታል። መወልወል በቀረበት ዓመት ወልዋይ ብሎ መጻፉ እኔን ያጠራጥረኛል፤ ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይደለም።

* * *

በሰኔ ክላይቭ ደወለልኝ። ክላይቭ የከተማው ሙዚየም የጦር መሣሪያ ጠባቂ ነው፤ ረጅም፣ ሁልጊዜ ጉንፋን የያዘው የሚመስል ሰው።

«ጁን፣ እናትሽ ኮከብ እመታ ነበር አላለችሽም?»

ብላኛለች። በዚያ ሰፈር ሞራጅ ሥራውን ሲጨርስ እጀታው የሚሸፍነው ቦታ ላይ፣ ማንም በማያየው ብረት ላይ፣ ትንሽ ምልክት ይመታል። መስቀል የሚመታ አለ፣ ጨረቃ የሚመታ አለ፣ ሦስት ነጥብ የሚመታ አለ። ሽጉጡ ቢበላሽ ማንን መጠየቅ እንዳለበት ፎርማኑ በዚያ ያውቃል። እናቴ የምትመታው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ነበር።

«ከፔምበር የወጣ ሽጉጥ መጋዘን ውስጥ አለን፤ እጀታውን ዛሬ ፈታሁት» አለኝ። «ኮከብ አለው።»

የሄድኩት በማግስቱ ነው። በአካሉ ላይ የመንግሥት ንብረት መሆኑን የሚያሳየው ቀስት አለ። አፈሙዙና ከበሮው ላይ የመፈተሻ ቤቱ ዘውድ አለ፤ ከመጠን በላይ ባሩድ ተተኩሶበት አለመሰንጠቁ የተመሰከረለት ማለት ነው። ቁጥሩ በሦስት ቦታ ተመትቷል፤ በአካሉ፣ በአፈሙዙ፣ በከበሮው። ሦስቱም አንድ ናቸው፤ እንግዲህ ዕቃው ከሌላ ጋር አልተቀላቀለም። ከእጀታው ሥር፣ ጥፍር የማታክል ኮከብ። ክላይቭ ወንበር ሳበልኝ። አልቅሼ እንደሆነ አላስታውስም፤ እሱ ግን መሐረብ ሰጥቶኛል።

ወረቀት ባይገኝ ዕቃ ተገኘ። ደንቤ ሳይጣስ እናቴን መጻፍ እችላለሁ። በሳምንቱ በታክሲ ይዣት መጣሁ፤ እንድታየው ብቻ፤ ደስ እንዲላት።

ክላይቭ በፈቃድና በፊርማ ከብረት ካዝናው ያወጣውን ሽጉጥ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ አኑሮታል። ከበሮው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አሳየን። ለእናቴ የላስቲክ ጓንት ዘረጋላት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጓንት ነው፣ ሚስስ ቶንክስ። የእጅ ላብ ብረቱን እንዳይበላው።»

«የኔ ልጅ፣ ይሄን ብረት ለሦስት ዓመት በላብ ነው ያጠብኩት። ቢበላው ኖሮ ያኔ በልቶ ይጨርሰው ነበር።»

ክላይቭ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ጓንቱን ኪሱ ከተተው።

እናቴ ሽጉጡን በሁለት እጇ ተቀብላ መዘነችው። ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ፣ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ፣ መዶሻውን በአውራ ጣቷ በጣም በዝግታ ሳበችው። ቀጭን «ጢቅ» ተሰማ፤ ከዚያ ሌላ «ጢቅ»። መልሳ በቀስታ አወረደችው። ስድስቱንም እንደዚያው አደረገች። ጊዜ ወሰደባት። ሲያልቅ ጨርቁ ላይ አስቀመጠችው።

«ጥሩ ሥራ ነው» አለች። «የኔ ግን አይደለም።»

«እማ፣ ኮከብ አለው።»

«ይኑረው።»

«ኮከቡ ያንቺ ነው። አንቺ ነሽ የነገርሽኝ።»

«እመታ ነበር አልኩሽ። የኔ ነው መቼ አልኩሽ? ኮከቡ የሞርሳው ነው። ዘጠነኛው ላይ የተቀመጠ ሁሉ ኮከብ ይመታል። ይሄ የፓርጂተር ነው። ከበሮው ቀድሞ ይቆለፋል፣ መዶሻው በኋላ ይደርሳል፤ ሁለቱን ድምፅ አልሰማሽም? ሆን ብሎ ነው፤ ብረቱ ሲበላ እንኳ ከበሮው ቦታው እንዲደርስ። ‘ጦር ሜዳ ጭቃ አለ፣ ጊዜ የራሱን ይብላ’ ይል ነበር። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ ነበር የማደርሳቸው። በዚህ ስንት ቀን ተጨቃጭቀናል።»

ክላይቭ አፍንጫውን ጠረገ። ከእናቴ መስመር በላይ ሌላ ነገር ነበር የመጣብኝ። በመጽሐፌ ውስጥ ወረቀት የሌላቸው፣ በምልክታቸው ብቻ ያስገባኋቸው አርባ ሦስት ሰዎች አሉ። ምልክት የሰው ነው ብዬ ሃያ ሁለት ዓመት አምኜ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረኝ ሰነድን መጠራጠር ነው፤ ብረትን መጠራጠር ማንም አላስተማረኝም።

ያን ጊዜ የማፍርበትን ነገር ተናገርኩ። «እማ፣ ምናልባት ረስተሽው ይሆናል። ስልሳ ዓመት ነው። ደግመሽ ሳቢው። መጽሐፉ በጥቅምት ይታተማል።»

ዓይኗን ወደ ጎን አድርጋ ፊቴን ፈለገችው።

«ጁን፣ የሰው ሥራ ሰርቄ እንድትጽፊኝ ነው የምትፈልጊ?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ኮቴን አቀብዪኝ።»

* * *

በዚያው ከሰዓት መዛግብት ቤት ተመልሼ ፔምበር ለጦሩ ያስረከበባቸውን ጥራዞች አወጣሁ። የሽጉጡ ቁጥር የተመዘገበው መጋቢት 1940 ነው። እናቴ ዘጠነኛው ሞርሳ ላይ ከመቀመጧ ሁለት ዓመት በፊት። ቁጥሩን ማንም አልነገራትም፤ ብንነግራትም ከየትኛው ዓመት እንደሆነ ልታውቅ አትችልም። ዓይኗም አላየውም። በእጇና በጆሮዋ ብቻ ትክክል ነበረች።

ለክላይቭ ደወልኩለት። «ከፔምበርም ከሌላ ፋብሪካም የመጡ ሌሎች ስድስት አሉኝ» አለ። «ወልዋይ የሆነች ሴት የሰባት ሽጉጥ ሞራጆችን በጆሮዋ መለየት ትችላለች?»

«አትችልም።»

«ሞራጅስ?»

ለመሞከር የእናቴን ፈቃድ መጠየቅ ነበረብኝ። ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር። «ፈተና ነው?» አለች። «ጎሴጅም ፈትኖኛል። ሻይ ግን ይኑር፤ ባለፈው አንድ ስኒ እንኳ አልሰጣችሁኝም።»

በሐምሌ መጀመሪያ ተመለስን። ክላይቭ ማኅተሞቹንና ቁጥሮቹን በሙሉ በቴፕ ሸፍኖ፣ እጀታዎቹን እንደተቆለፉ ትቶ፣ ቅደም ተከተሉን እኔም እንዳላውቅ አድርጎ ደርድሯቸዋል። እኔ ጥግ ተቀምጬ የምትለውን ብቻ እጽፋለሁ። እናቴ ሻይዋን ጠጣች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ጀመረች።

የመጀመሪያውን ሁለት ጊዜ ስባ ሳቀች። «ዴላኒ። አራተኛ ሞርሳ። ሞላው እንዴት እንደ በቅሎ እንደሚራገጥ እዪው። ጠዋት የሠራው ነው።»

«ጠዋት መሆኑን በምን አወቁ?» አለ ክላይቭ።

«ከሰዓት በኋላ ስካሩ ይለቀው ነበር።»

ሁለተኛውን፣ «ሎው። አሥራ አንደኛ። ንጹሕ ሰው፣ ሚስቱን ግን ይመታ ነበር» አለች። ሦስተኛውን አነሳችና አንድ ጊዜ ስባ መልሳ አስቀመጠችው። «ይሄን ባለፈው አሳይታችሁኛል። ምነው፣ ሽጉጥ አለቀባችሁ?» ክላይቭ ቀላ። አራተኛውም የዴላኒ ነው አለች። አምስተኛው ላይ ቆየች፤ ከበሮውን በጣቷ አሽከረከረች፣ አፈሙዙን አጥፋ ዘጋችው። «ይሄ የኛ አይደለም። ሌላ ፋብሪካ ነው፤ ማሽን ነው የሠራው። ምንም አይወጣለትም፣ ልክ ነው። ሰው ግን የለበትም።» ስድስተኛውን ሦስት ጊዜ ስባ ራሷን ነቀነቀች። «ቤቱ የኛ ነው፣ እጁን ግን አላውቀውም። ልጅ ነው መሰለኝ።»

ሰባተኛውን ስትስብ ፊቷ ተለወጠ። ደገመችው። ሦስተኛ ልትደግመው መዶሻው ላይ ጣቷን አኑራ ተወችው።

«ፓርጂተር ነው» አለች ዝቅ ብላ። «እጁ ሲንቀጠቀጥበት።»

ጣቷን በከበሮው ጎን ቀስ ብላ አስኬደች።

«ሁለት ቦታ ላይ ሞረዱ ዘሎበታል፤ ከዚያ ሊያስተካክለው ሞክሯል። ያኔ መዝገቡ ላይ የተጻፈው ‘ለጤና’ እሱ ነው። ማንም እንዳያውቅ ብሎ ሻዩን እንኳ ፊታችን አይጠጣም ነበር፤ ስኒው ይንጫጫበታል። ይሄ ግን ይተኩሳል። ይሄም ቢሆን ተኳሹን አይጎዳም።»

ክላይቭ ካቻቢቴ አንስቶ እጀታዎቹን አንድ በአንድ ፈታ። እኔ የወንዶቹን ስም ብቻ የያዘውን፣ ከግንቦት 1942 እስከ ነሐሴ 1945 ዘጠነኛውን ባዶ የሚያሳየውን የሞርሳዎች ዝርዝርና የማስረከቢያ ጥራዙን ከፈትኩ። የመጀመሪያውና አራተኛው መስቀል፤ አራተኛ ሞርሳ፣ ሁለቱም በዴላኒ ዘመን። ሁለተኛው ሦስት ነጥብ፤ አሥራ አንደኛ፣ ሎው። አምስተኛው የሌላ ፋብሪካ። ስድስተኛው ጨረቃ፤ አምስተኛ ሞርሳ፣ ጊዜው ግን 1947፤ እናቴ ወደ መወልወያው ከተመለሰች ሁለት ዓመት አልፎ፣ ሞርሳው ላይ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት አዲስ ገቢ የተቀመጠበት። ሰባተኛው ኮከብ። የተረከበበት ቀን ሚያዝያ 24 ቀን 1942፣ ፓርጂተር ሊለቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው።

ከሰባቱ አንድም የእናቴ አልነበረም። ለሦስት ዓመት ከሦስት ወር የሞረደቻቸው ሽጉጦች በረሃ ቀርተዋል፣ ባሕር ገብተዋል፣ ቀልጠው ሌላ ነገር ሆነዋል። ክላይቭ እስከ ዛሬም ይፈልጋል። እሷን ብዙም አላስጨነቃትም። «የተሠሩት ለመሄድ ነው» አለች።

* * *

በፈተና የተረጋገጠ ዕውቀትን በደንቤ ላይ ሦስተኛ ማስረጃ አድርጌ ጨምሬ፣ የጻፍኩትን ረቂቅ በማክሰኞው አነበብኩላት። «በጦርነቱ ዘመን ለጦሩ ሽጉጥ ሠራች» የሚል ነበረበት።

«እሱን ሰርዢ።»

«ምኑን?»

«ሽጉጥ ሠራች የሚለውን። ሽጉጥ ማንም ብቻውን አልሠራም። አፈሙዙን ሌላ ሰው ሰረሰረ፣ ሞላውን ሌላ ሰው አጠፈ። እኔ የውስጥ ዕቃ ሞረድኩ። ያንን ጻፊ።»

ሰረዝኩ።

«ወልዋይነቴንስ አጠፋሽው?»

«አንቺ ትክክል አይደለም ስትዪ ነዋ የኖርሽው።»

«ብቻውን ሲሆን ነው ትክክል ያልሆነው። ሃያ አንድ ዓመት ጥቁር የተፋሁበትን ማነው የሚያጠፋው? መልሺው። ፓርጂተርንም አስገቢ፤ ከማን ተማረች የሚል ሰው ይኖራል።»

ሦስቱንም አደረግሁ። ከዚያ በጋውን በሙሉ በአርባ ሦስቱ ሰዎች ላይ ተቀመጥኩ። አሥራ ዘጠኙን የሞርሳቸው ቁጥርና ዓመታቸው ሲገጥም መልሼ ማቆም ቻልኩ። ሃያ አራቱን አወጣሁ። ቤተሰቦቻቸው ደወሉ፤ አንዳንዶቹ ሰደቡኝ። አንዱ፣ «የአያቴን ጨረቃ ማን ነው የነጠቀው?» አለኝ። «ጨረቃው የሞርሳው ነው። የነገሩኝ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሠሩ ሰው ናቸው» አልኩት። «ማን ናቸው?» ሲል ስሟን ከነሙያዋ ነገርኩት፤ በዚያ ስልክ ላይ ድምፄ ከወትሮው ከፍ ብሎ ነበር።

እናቴ መስከረም 11 ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሆስፒታል ውስጥ አረፈች። ረቂቁን በመጨረሻ ቅርጹ ሰምታዋለች፤ የታተመውን ግን አልያዘችውም። መጽሐፉ በጥቅምት 20 ከማተሚያ ቤት በካርቶን መጣ። የመጀመሪያውን ቅጂ ገጽ ሦስት መቶ ስድስት ላይ ገለጥኩና እንደ ሥራዬ ልማድ ከረቂቁ ጋር ቃል በቃል አመሳከርኩት። የጨመርኩት የሞተችበትን ዓመት ብቻ ነው፤ ለእሱም ወረቀት አለኝ። ስህተት አላገኘሁበትም፦

«ቶንክስ፣ ኤኒድ (1921–2006)። ወልዋይ፣ ፔምበርና ልጆቹ፣ 1937–1942 እና 1945–1961። በዚያው ፋብሪካ የሽጉጥ የውስጥ ዕቃ ሞራጅ፣ ዘጠነኛ ሞርሳ፣ ከግንቦት 1942 እስከ ነሐሴ 1945። ሥራውን የተማረችው ከዊልፍሬድ ፓርጂተር ነው። ማስረጃ፦ የራሷ ቃል፣ በፈተና የተረጋገጠ።»